ሠርጉ ይደርሳል፣ ቪዛው ግን እንዳይቃጠል

ኅዳር 2018 የደረሰን ደብዳቤ ነው። አሳጥሬዋለሁ።

«የ27 ዓመት ሴት ነኝ። እንግሊዝ አገር በሕዝብ ጤና የአንድ ዓመት ማስተርስ ተምሬ የመመረቂያ ጽሑፌን በጳጉሜን አስገብቻለሁ። ውጤቱ ገና አልመጣም። እናቴ ቀዶ ሕክምና ስለነበረባት በጥቅምት ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የተማሪ ቪዛዬ የሚያበቃው ጃንዋሪ 30 ነው፤ በእኛ ጥር 22 መሆኑ ነው። እዚያ እንግሊዛዊ ፍቅረኛ አለኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ይሠራል፣ በዓመት 25 ሺህ ፓውንድ ያገኛል። አብረን መሆን ከጀመርን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ለገና ቤተሰቤን ሊተዋወቅ ይመጣል። እናቴ ‹ከመጣ አይቀር ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ይሁን› እያለች ነው። አባቴ ምንም አይልም። ሰፈራችን ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ‹ቪዛው ይቃጠል፣ አትጨነቂ፣ ከዚህ ሆነሽ በባል መሄድ ይቀልሻል› አለኝ። ልጁን እወደዋለሁ። ግን በዚህ ጥድፊያ ማግባት አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልን። ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ደብዳቤዎች እያሉ ያንቺን ያስቀደምኩት ቀን የሚቆጠርበት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ዋናውን አሁኑኑ ልንገርሽ። ከጥር 22 በፊት ተመለሺ። ሠርግ ይኑርም አይኑርም፣ ያ ቀን ሲደርስ እንግሊዝ አገር መገኘት አለብሽ። ማመልከቻሽም ገብቶ መሆን አለበት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አንቺ በትምህርትሽ ያገኘሽው አንድ መብት አለ፤ ግራጁዌት ቪዛ ይባላል። እዚያ ዲግሪውን የጨረሰ የውጭ ተማሪ ለሁለት ዓመት ቆይቶ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ዶክትሬት ለጨረሰ ሦስት ዓመት ነው። ቀጣሪ አምጪ አይልም። ደመወዝሽ ይህን ያህል ይድረስ አይልም። ባንክ ውስጥ ያለሽን ገንዘብ አሳዪ አይልም። የሚፈልገው ትምህርቱን መጨረስሽን ነው። ነገር ግን ማመልከቻው የሚገባው እዚያው አገር ውስጥ ሆነሽ፣ የተማሪ ቪዛሽ ሳያበቃ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ማመልከት አይቻልም። ጥር 23 ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ካገኘሽ ይህ በር ተዘጋ። በዚህ ዲግሪ ዳግመኛ አይከፈትም።

ጉዳይ አስፈጻሚው «ቪዛው ይቃጠል» ሲልሽ ይህን አልነገረሽም። ምናልባት አያውቀውም። አውቆም ሊሆን ይችላል፤ ከአዲስ አበባ የሚጀመር ፕሮሰስ ለእሱ ሥራ ነው፣ ከማንችስተር ወይም ከሊድስ ሆነሽ በስልክሽ የምትሞይው ማመልከቻ ግን ለእሱ ምንም አያስገኝለትም። ይህን ሰው ተይው። እዚያ ሰፈርም ሆነ ሌላ ቦታ ሐሰተኛ የባንክ ስቴትመንት ወይም የሥራ ደብዳቤ «እናስተካክላለን» የሚል ካጋጠመሽ ደግሞ ራቂው። በማመልከቻ ላይ ማታለል ከተገኘ የሚከተለው መከልከል ብቻ አይደለም፤ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እገዳም አለ። «የኬር ሥራ ስፖንሰር አለኝ» የሚሉም አሉ። ከውጭ አገር የእንክብካቤ ሠራተኛ መቅጠር ከጁላይ 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተዘግቷል። ዛሬም በዚያ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው አለ፤ ይህን የማነሣው ካንቺ ይልቅ ለሌሎች አንባቢዎች ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ ክፍያዎቹ የኅዳር 2018 ናቸው። ቤተሰብሽ ቁጭ ብሎ ሊያየው የሚገባው ሂሳቡን ነው።

የግራጁዌት ቪዛ ማመልከቻ 880 ፓውንድ ነው። ለጤና አገልግሎት በዓመት 1,035 ፓውንድ ይከፈላል፤ ለሁለት ዓመት 2,070። ባንድ ላይ 2,950 ፓውንድ። በብር ስትመነዝሩት እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ክፍያው አንድ ጊዜ፣ ማመልከቻው ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ እዚያ ባለው አካውንትሽ መገኘት አለበት። ከዚህ እስክትልኪ ድረስ ቀኑ ያልፍብሻል። ልጁ ሊያበድርሽ ፈቃደኛ ከሆነ ተበደሪው፣ በጽሑፍም ይሁን። ብድር ነው፣ ጥሎሽ አይደለም።

አሁን ደግሞ እናትሽ ያሰቡትን መንገድ እንየው። በጥር እዚህ ተጋባችሁ እንበል። ልጁ ተመልሶ ሄደ፣ አንቺ ከዚህ የባለቤት ቪዛ አመለከትሽ። ማመልከቻው 1,938 ፓውንድ ነው። ቪዛው የሚሰጠው ለ33 ወር ስለሆነ የጤናው ክፍያ 3,105 ይመጣል። ጠቅላላው ከ5 ሺህ ፓውንድ ያልፋል። በዚያ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሊኖር ይችላል፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚያመለክት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይመረመራል። ይህ ሁሉ ግን ትልቁ ችግር አይደለም። ትልቁ ችግር የልጁ ደመወዝ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው የዓመት ገቢ 29 ሺህ ፓውንድ ነው። ከአፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት 18,600 ነበር። የልጁ ደመወዝ 25 ሺህ ነው። 4 ሺህ ይጎድለዋል። አንቺ ከአገር ውጭ ሆነሽ ስታመለክቺ ደግሞ የሚቆጠረው የእሱ ደመወዝ ብቻ ነው፤ አንቺ እዚህ ሠርተሽ የምታገኚው ደመወዝ አይደመርም። ጉድለቱን በቁጠባ መሙላት ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 16 ሺህ መነሻ አለ፣ በዚያ ላይ የጎደለው በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይጨመራል። በእናንተ ጉዳይ 16 ሺህና 10 ሺህ፣ በድምሩ 26 ሺህ ፓውንድ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ስድስት ወር ሙሉ በእጃችሁ የቆየ መሆን አለበት። ትምህርት ቤት የሚሠራ ወጣት ይህን ያህል አስቀምጦ ከሆነ እሰየው። ካላስቀመጠ ግን ሙሽራ ሆነሽ ቱሉ ዲምቱ ትቀሪያለሽ፣ እሱ ደግሞ የደመወዝ ጭማሪ ይጠብቃል። እንዲህ ሆነው ዓመትና ከዚያ በላይ የተለያዩ ባለትዳሮች ጽፈውልኛል። ፍቅራቸው ጎድሎ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

የእጮኛ ቪዛም ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ አልመክርሽም እልሽ ነበር። ዋጋው ያው 1,938 ነው፣ የገቢው መጠንም ያው ነው። የሚሰጠው ለስድስት ወር ሲሆን በዚያ ጊዜ መሥራት አይፈቀድም። ከተጋባችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ አለ።

አሁን ተመልሰሽ ግራጁዌት ቪዛ ብትይዢስ? ሥራ ትጀምሪያለሽ። ቀን ሙሉ መሥራት ትችያለሽ። ከዚያም በኋላ ወደ ፓርትነር ቪዛ፣ ማለትም ወደ ባለቤት ወይም የፍቅር ጓደኛ ቪዛ፣ ለመዛወር ስትፈልጊ ከአገር መውጣት አያስፈልግሽም። እዚያው ሆነሽ፣ በሕጋዊ መንገድ እየሠራሽ ስታመለክቺ፣ ያንቺ ደመወዝ ከእሱ ጋር ይደመራል። የእሱ 25 ሺህና ያንቺ ደመወዝ፣ ከሙሉ ጊዜ ሥራ ያነሰም ቢሆን፣ 29 ሺህን በቀላሉ ያልፋል። ሁለታችሁም በየሥራችሁ ስድስት ወር የቆያችሁ ከሆነ የደመወዝ ወረቀቱ ይበቃል። ከአገር ውስጥ ስታመለክቺ ማመልከቻው 1,321 ፓውንድ ነው፣ የ30 ወሩ የጤና ክፍያ 2,587 ተኩል። ያው ቪዛ፣ ያው መብት፣ ዋጋው ግን ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ይቀንሳል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ለፓርትነር ቪዛ መጋባት የግድ አይደለም። ሁለት ዓመት በትዳር መሰል ግንኙነት መቆየታችሁን ማሳየት ከቻላችሁ ሳትጋቡም ማመልከት ይቻላል። ድሮ ሁለቱን ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ይጠየቅ ነበር፤ አሁን ያ ቀርቷል፣ ዋናው ግንኙነቱ እውነተኛና የጸና መሆኑ ነው። እናንተ ሁለት ዓመት የምትደፍኑት በ2019 መስከረም አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ግራጁዌት ቪዛሽ ገና ከዓመት በላይ ይቀረዋል። ይህን የምነግርሽ ሳትጋቡ ኑሩ ለማለት አይደለም። የምታገቢበትን ቀን ሆም ኦፊስ፣ ቪዛ የሚሰጠው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት፣ እንዳይቆርጥልሽ ብዬ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልንገርሽ። ግራጁዌት ቪዛው ባንቺ ስም የቆመ ነው። አንቺ ተምረሽ፣ አንቺ ፈተና ተቀምጠሽ ያገኘሽው ነው። ከልጁ ጋር ብትጣሉ፣ ብትኮራረፉ፣ ወይም ነገሩ እንዳሰባችሁት ሳይሆን ቢቀር፣ ያ ቪዛ አይነካም። የፓርትነር ቪዛ ግን በግንኙነቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ግንኙነቱ ከፈረሰ ለሆም ኦፊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እነሱም ብዙ ጊዜ 60 ቀን ብቻ ትተው ያሳጥሩታል። በባለቤቷ ጥቃት የደረሰባት ሴት ግን በራሷ ስም የመኖሪያ ፈቃድ የምትጠይቅበት የተለየ መንገድ አለ፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆና ይህን የምታነብ ካለች «ከለቀቅኩት እባረራለሁ» ብላ እንዳትታገሥ። አንቺን በተመለከተ፣ ልጁ ደግ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤሽም እንደዚያ ያስመስለዋል። ግን አዲስ ትዳር የራሱ ክብደት አለው። የአንዲትን ሴት ቪዛ፣ ሥራና ማደሪያ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን በባሏ ትከሻ ላይ መጫን ለእሷም ለእሱም አይበጅም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለዚህ ነው። የሁለት ዓመት የራስሽ ጊዜ እያለሽ ለምን ትሮጫለሽ?

ደግሞም ይህ ሁለት ዓመት ሁልጊዜ አይኖርም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚያመለክቱ፣ ዶክትሬት ለሌላቸው፣ ወደ 18 ወር ይወርዳል። አንቺ አሁን ካመለከትሽ ሙሉውን ታገኛለሽ።

በስኮላርሺፕ ስለ መማርሽ አልጻፍሽም። በስኮላርሺፕ ከሆነ ግን ውሉን አውጥተሽ አንብቢው። መንግሥት ወይም ዓለም አቀፍ የስኮላርሺፕ ድርጅት ሙሉ ወጪሽን ችሎ ከሆነ የእነሱ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። የብሪታኒያ መንግሥት የሚሰጠው የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ተማሪዎች ደግሞ ከትምህርቱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለባቸው። አንቺ ከእነዚህ ውስጥ ከሆንሽ መልሴ ስለሚለወጥ ቶሎ ጻፊልኝ።

ስለ እናትሽ ላውራ። ከሁሉም የከበደኝ የደብዳቤሽ ክፍል ይሄ ነው። ከቀዶ ሕክምና የተነሡ እናት የልጃቸውን ሠርግ በዓይናቸው ማየት ቢፈልጉ ማን ይፈርድባቸዋል? ምናልባት ጥያቄያቸው ስለ ጥር አይደለም። «ሳላይ ብቀርስ» የሚል ፍርሃት ይሆናል። ያን ፍርሃት በቪዛ ሕግ አትመልሺው። በተጨበጠ ነገር መልሺው። ልጁ ለገና ሲመጣ ሽማግሌ ይላክ። እሱ እዚህ ዘመድ ስለሌለው አጎትሽ ወይም የሰፈር አባት የሚሆኑ ሰው በእሱ በኩል ይቁሙለት፤ እንዲህ ማድረግ በእኛም የተለመደ ነው። ወላጆቹም ከቻሉ በቪዲዮ ይገናኙ። እናትሽ «ልጄ ታጨች» ብለው ለዕድራቸው ሰዎች ይናገሩ። ሠርጉ ደግሞ በ2019 ጥር ይሁን። ያን ጊዜ ግራጁዌት ቪዛሽ በእጅሽ ስለሆነ መጥተሽ፣ ተሞሽረሽ፣ ባልሽን ይዘሽ መመለስ ትችያለሽ። እናትሽም ያን ጊዜ አገግመው፣ ጠላውን ራሳቸው እያዘዙ ይደግሳሉ እንጂ ዘንድሮ በወንበር ተቀምጠው አያዩትም።

ቤተ ክርስቲያን ማግባትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ተክሊልም ሆነ ቁርባን ለሁለት ኦርቶዶክሳውያን ነው። ልጁ ኦርቶዶክስ ካልሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ አስጠምቆ ለሠርግ ማድረስ የሚባል ነገር ውስጥ አትግቡ። እምነት የሚቀየረው ለሠርግ ቀጠሮ አይደለም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እሱም በራሱ ጊዜ ያስብበት። ለሕጉ ከሆነ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በቤተሰብ ሕጋችን እኩል ይጸናል። በእንግሊዝም እዚህ በሕግ የጸና ጋብቻ ይታወቃል። ዋናው መመዝገቡ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ስትመጡ ልጁ ያላገባ ስለመሆኑ ከአገሩ የተረጋገጠ ማስረጃ ይዞ ይምጣ። የት እንደሚረጋገጥና ወረዳው ምን እንደሚፈልግ ደግሞ አንቺ ካሁኑ፣ ቱሉ ዲምቱ እያለሽ፣ ወረዳችሁ ያለው የወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። ሠርጉ ተደግሶ ወረቀቱ አልተሟላም የተባሉ ሰዎች ጭንቀት ቀላል አይደለም። እዚያው እንግሊዝ መፈራረም ብትመርጡም ይቻላል። ሁለታችሁ በአካል ቀርባችሁ ታስመዘግባላችሁ፣ 28 ቀን ትጠብቃላችሁ፣ አንቺ የውጭ ዜጋ ስለሆንሽ ጥበቃው እስከ 70 ቀን ሊራዘም ይችላል።

አባትሽ ምንም አይሉም ብለሻል። ዝም ያሉት ተቃውመው ነው ብለሽ አትደምድሚ። ምናልባት ልጃቸው ተምራ ስታበቃ በሰው አገር በሰው ቪዛ እንድትኖር ከብዷቸው ይሆናል። አንድ ማታ፣ እናትሽ ከተኙ በኋላ፣ ከላይ የጻፍኩልሽን ቁጥሮች ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። 29 ሺሁን፣ 25 ሺሁን፣ ባንቺ ስም የሚሆነውን ሁለት ዓመት አሳዪያቸው። ከዚያ «አባዬ፣ አንተስ ምን ታስባለህ?» በያቸው። ከተናገሩ አድምጪ። እናትሽንም የሚያሳምኑት እሳቸው ይሆናሉ።

ለልጁም ከመምጣቱ በፊት ንገሪው። ዘንድሮ ሠርግ እንደሌለ፣ ሽምግልና ግን እንዳለ ይወቅ። ቦሌ ደርሶ፣ ቤት ገብቶ፣ ቡና ሲቀርብለት «ሠርግህ መቼ ነው» ተብሎ እንዳይደነግጥ። እስካሁን ስለ ትዳር ከሁለታችሁ በቀር ሁሉም ሰው የተናገረ መሰለኝ።

ሥራውን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ወደፊት በባል ሳይሆን በሙያሽ መቆየት ብትፈልጊ ስኪልድ ወርከር የሚባለው የሥራ ቪዛ አለ። ጠቅላላ የደመወዝ ወለሉ 41,700 ፓውንድ ነው፤ ከግራጁዌት ቪዛ ለሚዛወሩ አዲስ ገቢዎች 33,400 ይሆናል። ሥራውም በዲግሪ ደረጃ መሆን አለበት፣ ቀጣሪውም ስፖንሰር የማድረግ ፈቃድ ያለው። በጤናው ዘርፍ ዝቅ ያለ ወለል ያላቸው ሥራዎች ስላሉ የሕዝብ ጤና ምሩቅ መሆንሽ ይጠቅምሻል። ሥራ ስትፈልጊ ከመጀመሪያው ስፖንሰር ማድረግ የሚችሉትን አስቀድሚ። ያን ጊዜ ፓርትነር ቪዛም፣ የሥራ ቪዛም ከፊትሽ ይኖራሉ፣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ።

አሁን ለመመለሻው። ገናን ከቤተሰብሽ ጋር ዋዪ። ከዚያ ግን ለጥምቀት አትቆዪ። ትኬቱን ዛሬ ቁረጪ፣ ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ ይሁን። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያ አልሄድ ሊል፣ ማንነት ለማረጋገጥ ቀጠሮ ሊፈለግ ይችላልና ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይኑርሽ። ቪዛሽ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ የሆም ኦፊስ አካውንትሽን አሁኑኑ ክፈቺና ያለው የፓስፖርት ቁጥር አሁን በእጅሽ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ። እዚህ ሳለሽ አዲስ ፓስፖርት አውጥተሽ ከሆነ ካላስተካከልሽው በረራው ላይ ሊያስቀሩሽ ይችላሉ። ትምህርትሽን መጨረስሽንና ውጤት እየጠበቅሽ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲሽ ተቀብለሽ በእጅ ሻንጣሽ ያዢ። ድንበር ላይ «ትምህርቱ ካለቀ ለምን ተመለስሽ» ብለው ቢጠይቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ቪዛዬ ገና አላበቃም፣ የመጣሁት ግራጁዌት ቪዛ ላመለክት ነው ማለት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ውሳኔው እስኪመጣ ከአገር መውጣት አይቻልም። ከወጣሽ ማመልከቻውን እንደተውሽው ይቆጠራል። እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የእናትሽ ሁኔታ ስለሚያሳስብሽ ይህን አስቀድመሽ እወቂው። ከመሄድሽ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ቀጣዩን ቀጠሮ ተነጋገሪ፣ በእነዚያ ሳምንታት ማን አጠገባቸው እንደሚሆን፣ ከቱሉ ዲምቱ ሆስፒታል ድረስ ማን እንደሚወስዳቸው ከወንድም ከእህቶችሽ ወይም ከጎረቤት ጋር ተስማሚ። በመጠበቂያው ጊዜ ቪዛሽ ቢያበቃም፣ ቀኑ ሳያልፍ እስካመለከትሽ ድረስ ሕጋዊ ነሽ።

የቀረው ውጤትሽ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ዩኒቨርሲቲው ማለፍሽን ለሆም ኦፊስ ማሳወቅ አለበት። የምረቃ በዓል፣ ካባ፣ የዲግሪ ወረቀት አያስፈልግም፤ የእነሱ ማሳወቅ ብቻ ይበቃል። ዛሬ ማታ ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል ጻፊ። ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ውጤቴ መቼ ይጸድቃል፣ ለሆም ኦፊስ መቼ ታሳውቃላችሁ? ምክራቸው ነጻ ነው፣ ፈቃድ ያላቸው አማካሪዎችም አሏቸው። ክፍያዎቹንም በዚያው ሳምንት ከብሪታኒያ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አረጋግጪ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአፕሪል ይቀየራሉ። «ከጥር 22 በኋላ ነው የምናሳውቀው» ካሉሽ ወይም የምታስተካክይው ጽሑፍ ካለ፣ ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ያን ጊዜ የተማሪ ቪዛውን እዚያው ሆኖ ማራዘም ይቻል እንደሆነ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ያ እንዳይዘገይ ኢሜይሉ ላይ ቪዛዬ የሚያበቃው ጃንዋሪ 30 ነው ብለሽ በመጀመሪያው መስመር ጻፊው።